የእርሳስ ልብስ

ባለፈው ወር የአንድ ቀሚሴን ዚፕ ላስቀይር፣ ናይሮቢ ካሳራኒ ሰፈር ከቤቴ በታች ወዳለው ልብስ ሰፊ ወረድኩ። ሰውየው የስፌት መኪናውን ገልብጦ ሆድ ዕቃውን በጋዝ ያጥባል። ትንሽ እንድጠብቀው ነግሮኝ በርጩማ ሰጠኝ። የነጭ ጋዝና የማሽን ዘይት ሽታ ሲቀላቀል ሌላውን ሰው ራሱን ያመዋል፤ እኔን ግን ያደክመኛል። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ስሸከም እንደዋልኩ ሁሉ ጉልበቴ ይዝላል። ቀሚሱን ጥዬለት፣ ነገ እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ።

ድካሙ የኔ አይደለም። የአባቴ ነው። ስምንት ዓመቴ ላይ፣ በአንድ የዝናብ ወቅት፣ ተጋብቶብኝ የቀረ ነው።

ያኔ የምንኖረው እዚሁ ናይሮቢ፣ ኢስሊ የሚባል ሰፈር ነበር። ደርግ አገር ቤት ገና የማይነቃነቅ በነበረበት ጊዜ ነው። ግቢያችን ቆርቆሮ የለበሱ ዘጠኝ ክፍሎች፣ አንድ ቧንቧና አንድ ሽንት ቤት ነበሩት። ከዘጠኙ ክፍሎች በሁለቱ የምንኖረው እኛና ግራዝማች በላቸው ብቻ ነበርን የአገር ሰዎች። አባቴ ታዬ አዲስ አበባ እያለን በጦር ሠራዊቱ የመሣሪያ ጥገና ክፍል ይሠራ ነበር። ለምን እንደወጣን በቤታችን አይነሳም። ብጠይቅ እናቴ «ስታድጊ» ትለኛለች፤ አድጌም አልነገረችኝም። ናይሮቢ ላይ አባቴ የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ሆነ። ከሰፊዎቹ ሱቅ የተበላሸውን መኪና በትከሻው ተሸክሞ ያመጣል፣ ከመጋረጃው ወዲያ ባለችው ጠባብ ቦታ ይጠግናል፣ መልሶ ይሸከማል። ከሥራ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ግድግዳውን ተደግፎ ይቀመጥና «ደከመኝ» ይላል። እናቴ አስካለ ደግሞ፣ «ዛሬስ አዲስ ነገር የለም?» ትለዋለች። እሷም ኪሊማኒ የፈረንጅ ቤት ስታጸዳ ውላ ነው የምትገባው።

ግራዝማች ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ነበሩ። ሙቀትም ቢሆን ዝናብ ያንኑ ጥቁር ኮታቸውን ይለብሳሉ። ግቢው ውስጥ ያሉት ኬንያውያን ሁሉ «ምዜ»፣ ሽማግሌው፣ ብለው ያከብሯቸዋል። ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ በራቸው ላይ አስቀምጠው የአማርኛ ጽሕፈት ያስተምሩኛል። እናቴ ናት የለመነቻቸው፤ ልጄ ፊደሏን ሳታውቅ ልታድግ ነው ብላ። የእጅ ጽሑፌ አያስደስታቸውም።

«እንግሊዝኛ ስትጽፊ ሰልፍ፣ አማርኛ ስትጽፊ የሠርግ ቤት ግርግር ነው» ይሉኛል።

አሁን የማውቀውን ተናግሬ ልገላገል። ግራዝማች ስዩም የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው። በዚያ የመታሰርና የመገደል ዘመን የሰፈራቸው ቀበሌ የጥበቃ ሹም ከቤቱ አውጥቶ ወሰደው፤ ሬሳው እንኳ አልተገኘም። ግራዝማች ስድስት ጎራሽ ሽጉጣቸውን በበቆሎ ዱቄት ከረጢት ውስጥ ደብቀው በሞያሌ በኩል ወጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ሹም በተራው ጌቶቹ ሊበሉት ሲሉ ሸሽቶ ናይሮቢ ገባ። ሁርሊንግሃም በሚባል ሰፈር በአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ዕቃ አጣቢ ሆኖ ተቀጠረ። ወሬውን ለግራዝማች ያመጣላቸው አቶ ሞላ የሚባል፣ ከሞያሌ ዕቃ እያመጣ የሚሸጥ ሰው ነው። አቶ ሞላ ወሬ ካመጣ ፍሬውን ሳያይ አይሄድም። ደም የፈሰሰበት አባት ምን እንደሚጠበቅበት ደግሞ ለማንም መንገር አያስፈልግም።

የሽጉጡ ጥይቶች ስድስት ነበሩ፤ ያረጁ። ይሠሩ እንደሆን ለማየት ግራዝማች ከከተማ ወጣ ብሎ ድንጋይ ወደሚፈለጥበት ጉድጓድ ሄደው አንዷን ተኮሱ። ድምፁ ልፍስፍስ ያለ ነበር አሉ። ባሩዱ አርጅቶ ኖሮ የጥይቷ እርሳስ ወጥቶ ሲሄድ፣ እርሳሱን ከላይ የሚያለብሰው መዳብ አፈሙዙ ውስጥ ተጣብቆ ቀረ። ያ ሳይወጣ ሌላ ጥይት ቢተኮስ ሽጉጡ በእጅ ላይ ይፈነዳል። ስለዚህ በጨርቅ ጠቅልለው ለአባቴ አደራ ብለው ሰጡት።

እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከመጋረጃው ወዲያ አባቴ፣

«እርሳሱ ወጥቷል ግራዝማች። ውስጥ የቀረው ልብሱ ነው» አለ።

እርሳስ ለኔ የሚጻፍበት ነው። ሌላ እርሳስ መኖሩን ማን ነግሮኝ? ልብስ ደግሞ የአባቴ እንጀራ ነው፤ ጠዋት ማታ ስለ ልብስ ስፌት ነው የሚወራው። በመጋረጃው ቀዳዳ ሳይ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር በሞርሳ ተይዞ ጫፉ ላይ ቧንቧ ብጤ ብቅ ብሏል። ነገሩ ገባኝ። ግራዝማች ቧንቧ ውስጥ እርሳስ ጥለዋል፤ እርሳሱ ሲወጣ ልብሱ ተገፎ ቀርቷል። ሽማግሌ ሰው እንደዚህ ያለ ነገር ማድረጉ ትንሽ አስገርሞኝ ነበር፤ ግን ስለ ትልልቅ ሰዎች ብዙ የሚያስገርም ነገር ስለነበረ አለፍኩት።

አባቴ የቧንቧውን አንድ ጫፍ በሰም ደፍኖ በጋዝ ሞላው። ቤቱ ጋዝ ጋዝ ሸተተ፤ ዳቦው ሳይቀር። በነጋታው የነሐስ ዘንግ ሞርዶ ከተተበትና በመዶሻ ቀስ እያደረገ መታ። አልሆነም። ልብሱ ሁለት ጫፉ ክፍት የሆነ ባዶ ቀፎ ነውና ዘንጉ በመሃሉ ያልፋል እንጂ አይገፋውም። አባቴ ሲናደድ አይጮህም፤ መዶሻውን አስቀምጦ እጁን ያያል።

«አባዬ፣ በኔ እርሳስ ብትገፋውስ?» አልኩት በመጋረጃው በኩል።

ሳቀ። ያን ሰሞን ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

«የኔ እናት፣ ያንቺው ለጽሕፈትሽ ይቆይልሽ» አለኝ።

የወጣው በሁዳዴ ጾም አጋማሽ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አባቴ የዘንጉን ጫፍ ሰንጥቆ ትንሽ ከንፈር አውጥቶለት ነበርና ከንፈሩ የልብሱን ጠርዝ ያዘው። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ሲያደርግ ቆየና አንዲት ነገር መዳፉ ላይ ወደቀች። ከጣቴ አንጓ የማትበልጥ፣ ቀላ ያለች ቀፎ ናት። ዙሪያዋን ገደድ ገደድ ያሉ መስመሮች አሉባት። ይደሰታል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ረጅም ጊዜ ሲያያት ቆየ፤ በጨርቅ ጠረጋት፤ «ወይ ድካም» አለና ትርፍራፊ ብሎን ወደሚያኖርባት የወተት ቆርቆሮ ጣላት።

ብዙም ሳይቆይ ግራዝማች በሩን አንኳኩ።

«እንዴት ሆነ ታዬ?»

«ገና ነው ግራዝማች። ልብሱ አልወጣም።»

«እግዜር ይርዳህ» ብለው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ይመጣሉ። በየቅዳሜው «እንዴት ሆነ?» ይላሉ፤ በየቅዳሜው «ገና ነው» ይላል አባቴ። እሱ ለመዋሸት ያልተፈጠረ ሰው ነው። ግራዝማች ከሄዱ በኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ዓይኑን ይጨፍናል፤ አንድ መኪና ከከተማ ተሸክሞ ከመጣበት ቀን ይበልጥ ይደክመዋል። እኔ ሌላ ሁለተኛ ልብስ ውስጥ አለ ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ሁለት ልብስ ደርቦ የሚለብስ እርሳስ ይኖራል፤ ለምን አይኖርም? ናይሮቢ በዝናብ ጊዜ እኮ ይበርዳል።

ፋሲካ ሲያልፍ የኔ እርሳስ አውራ ጣቴን አክላ ቀረች። እናቴን ሌላ ስጠይቃት፣ «እጅሽ እስከያዛት ድረስ ይጻፍባታል» አለችኝ። የብሎኑ ቆርቆሮ ትዝ አለኝ። አባቴ ሳይኖር ቀፎዋን አውጥቼ፣ እርሳሴን በወረቀት ጠቅልዬ ውስጧ ሰካኋት። ልክክ አለች። ጣቶቼ የሚይዙት ነገር አገኙ። እርሳስ ልብሷን አገኘች ብዬ ደስ አለኝ። ሌብነት አልመሰለኝም፤ ለባለቤቷ መመለስ ነው።

ትምህርት ቤት አብራኝ ለምትቀመጠው ለዋምቡዪ አሳየኋት። ምንድን ነው ስትለኝ በማውቀው ስዋሂሊ «ኒ ንጉዎ ያ ሪሳሲ» አልኳት፤ የእርሳስ ልብስ ነው ማለቴ ነው። ዋምቡዪ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ሪሳሲ ኢናኡዋ!» አለች። ሪሳሲ እኮ ይገድላል።

በስዋሂሊ ሪሳሲ ጥይት ነው፤ የሚጻፍበት ሌላ ስም አለው። እውነቱ በሰው ቋንቋ ፊት ለፊቴ መጥቶ ነበር። እኔ ግን አማርኛ ስለማታውቅ ነው ብዬ አዘንኩላት።

ነገሩ የፈረሰው አንድ ሐሙስ ነው። ግራዝማች በር ላይ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እጽፋለሁ። እሳቸው አጠገቤ ወንበር ላይ ናቸው። አቶ ሞላ መጣ። ተቀመጠ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ሞያሌ አወራ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ያ ነገር እንዴት ሆነ ግራዝማች? ሰው ይጠይቃል እኮ» አላቸው።

«ገና ነው። ታዬ ዘንድ ነው ያለው።»

«እስካሁን? ምን ዓይነት ባለሙያ ነው?» ሳቅ አለ አቶ ሞላ። «የሴት ቀሚስ መስፊያ ሲነካካ እጁ ጠፍቶ ነዋ።»

ግራዝማች መሬት መሬቱን እያዩ፣ «ይሆናል። እጁ ሳይጠፋ አልቀረም» አሉ።

ደሜ ፈላ። አባቴን! ሞቶ የቆመ መኪና ሁሉ የሚያስነሳውን! እርሳሴን ይዤ ብድግ አልኩ።

«አባዬ እጁ አልጠፋም! አውጥቶታል! በጾሙ ጊዜ ነው ያወጣው፣ እኔ አይቻለሁ። ይኸው ልብሱ!»

ግራዝማች እርሳሴን ተቀበሉኝ። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አደረጉና ቀፎዋን በጥፍራቸው እየዳበሱ አዟዟሯት። አቶ ሞላ አንገቱን አስግጎ አየ። ምስጋና እየጠበቅኩ ቆምኩ።

«ዘኑ» አሉኝ በመጨረሻ፣ «ደብተርሽን ዝጊ። የዛሬው ይበቃናል።»

ግቢውን አቋርጠው ወደ እኛ ቤት ሄዱ፤ ተከተልኳቸው። አቶ ሞላ በሩ ላይ ቀረ፤ ግን አልሄደም። አባቴ የአንድ ስፌት መኪና መዘውር እያሽከረከረ ነበር። ሲያያቸው ተነሳ። እርሳሴን አሳዩት።

«ወጥቷል ለካ።»

አባቴ እርሳሷን አየ፣ እኔን አየ። «ወጥቷል» አለ።

«ዋሸኸኝ።»

«አዎ፣ ዋሸሁዎት። ምን ላድርግ ግራዝማች? ደከመኝ። ሰው ሲሞት ማየትም መስማትም ደከመኝ።»

ሳይጋበዙ ተቀምጠው የማያውቁት ግራዝማች፣ የአባቴ በርጩማ ላይ ዝርፍጥ ብለው ተቀመጡ።

«አውቅ ነበር እኮ» አሉት። ድምፃቸው ለአቶ ሞላ እንዳይሰማ ዝቅ ያለ ነበር። «መሣሪያ ቤት ያደገ ሰው አንድ ልብስ ለማውጣት ሁለት ወር አይፈጅበትም። አንተ ገና ነው ስትለኝ እኔ የዚያን ሳምንት እንቅልፌን እተኛ ነበር።»

«እንግዲያ አሁንም ገና ነው ልበልዎት።»

«አሁንማ ሰው ሰማ። ነገ ይወራል። መሣሪያው ደህና ሆኖ አባትየው ተቀመጠ ሲባል፣ ለስዩም ምን እመልስለታለሁ? አምጣው ታዬ። አደራዬን ስጠኝ።»

አባቴ ከአልጋው ሥር ጥቅሉን አውጥቶ ሰጣቸው። እናቴ ስትገባ ሰማችና ጮኸችበት፤ ሰውየው ሰው ሊገድል ነው፣ ከዚያ እሱም በሰው አገር ይሰቀላል፣ እኛም እንባረራለን አለች። «አልሰጥም አትልም ነበር?» አለችው።

«አደራ ነው አስካለ» አላት። «አደራ እንዴት ይበላል?»

መዋሸት ችሎ ነበር፤ አደራ መብላት ግን አልቻለም። በእናቴ ጩኸት መሃል ነው እኔ ያደረግኩት የገባኝ። ቧንቧው ምን እንደነበረ፣ ዋምቡዪ ለምን እንደሳቀች፣ አባቴ ለምን በየቅዳሜው እንደሚደክመው፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣ። ማንም አልቆጣኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በነጋታው ዓርብ ግራዝማች ከቤት አልወጡም። ቅዳሜ አባቴ የስፌት መኪና ሊያደርስ ሄዶ እኩለ ቀን ላይ ሲመለስ የግራዝማች በር ተቆልፏል። የጎረቤታችን ልጅ፣ ምዜ ጠዋት ኮቱን ለብሶ በማታቱ ታክሲ ሄዷል አለችው። እናቴ ሥራ ላይ ናት፣ እኔን ትቶበት የሚሄደው ሰው የለም። እጄን ይዞ ሮጠ። ከኢስሊ ከተማ፣ ከከተማ ሁርሊንግሃም፣ ሁለት ማታቱ። አባቴ መንገዱን ሁሉ እጄን ጨምድዶ ስለያዘኝ አመመኝ፤ አልነገርኩትም። በልቤ፣ የዛሬን ብቻ አውጣን እንጂ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም እያልኩ እሳል ነበር።

ግራዝማች ቆመው አገኘናቸው። ከምግብ ቤቱ ማዶ፣ አንድ ዛፍ ሥር። ቀኝ እጃቸው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ነው። ከመንገዱ ባሻገር በምግብ ቤቱ የጓሮ በር ላይ አንድ ቀጭን ሰው ጎንበስ ብሎ ድስት ይፈገፍጋል። ሸሚዙ ከጀርባው ረጥቧል። ያን ያህል የተፈራው ሹም ያ መሆኑን ለማመን ቸገረኝ። ድስቱን ደፋ፣ ወገቡን ይዞ ቀና አለ፣ ሌላ ድስት አነሳ። ወደ እኛ አላየም።

አባቴ ከግራዝማች ጎን ሄዶ ቆመ። ሰላምታ አልተለዋወጡም።

«ብዙ ቆሙ?» አላቸው።

«ከአራት ሰዓት ጀምሮ።»

ሰዓቱ ስምንት አልፏል። ሽማግሌው በግራ እጃቸው ዛፉን ተደግፈዋል። አባቴም አየው። ከዚያ፣ እስከ ዛሬ እንዴት እንደደፈረ የማይገባኝን ነገር ጠየቃቸው።

«ላሻግርዎት?»

ግራዝማች ማዶውን አዩ። ሰውየው ድስቱን ያጥባል። አባቴ ጥያቄውን አልደገመም።

«እዚህ አገር» አሉ በመጨረሻ፣ «መኪናው ከየት በኩል እንደሚመጣ እስከ ዛሬ አልለመድኩም። እኛ አገር በቀኝ ነው የሚነዳው፤ እነዚህ ገልብጠውታል። ልሻገር ስል ይምታታብኛል።»

«እኔም አልለመድኩትም» አለ አባቴ፤ ከተማውን በየቀኑ የስፌት መኪና በትከሻው ተሸክሞ የሚያቋርጠው አባቴ።

«ዛሬ ደግሞ መኪናው በዝቷል።»

«በዝቷል ግራዝማች።»

ሽማግሌው እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ጥቅሉን በኮታቸው ጫፍ ከልለው ለአባቴ ሰጡት።

«ይሄም ነገር ገና የተስተካከለ አልመሰለኝም» አሉት። «እስኪ አንተ ጋ ይቆይ። ደህና አድርገህ እየው።»

«እሺ፤ አየዋለሁ። ጊዜ ይወስዳል ግን።»

«ይውሰድ።»

እኔ መንገዱን አየሁ። ትምህርት ቤት እንዳስተማሩን መጀመሪያ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ፣ እንደገና ወደ ቀኝ አየሁ። ከጥግ እስከ ጥግ አንድ መኪና አልነበረበትም፤ ብስክሌት እንኳ። ቀና ስል ሁለቱም እኔን እያዩኝ ነው፤ አባቴም፣ ግራዝማችም።

«በጣም ነው የበዛው» አልኩ። «ማንም ሊሻገር አይችልም።»